ስለ አያቶቻቸው መሬት የተሟገቱት የእንዶሮይስ አርብቶ አደሮች

ከአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ

«በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» ይላል ያገራችን ገበሬ። አባባሉ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የጎረቤታችን የኬንያ አርብቶ አደሮች ታሪክ ያስረዳል። የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ይህን ታሪክ ለአባላትና ለአካባቢያችን አመራሮች ባጭሩ ላቀርብ እወዳለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

60,000 ያህል ሕዝብ ያለው የእንዶሮይስ ማኅበረሰብ ለዘመናት የኖረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ ነው። በዝናብ ወቅት ከብቶቹን በሐይቁ ዳር፣ በበጋ ደግሞ በሞቾንጎይ ጫካ ያሰማራ ነበር። ከብት ያለ ቦሌ እንደማይሆንለት አርቢ ሁሉ ያውቃል፤ የሐይቁ ዳርቻ ጨዋማ አፈርም ለእነሱ ቦሌያቸው ነበር። የአምልኮና የባህል ሥርዓታቸውንም የሚፈጽሙት እዚያው ነው።

በ1973 የኬንያ መንግሥት አካባቢውን የዱር አራዊት ጥብቅ ክልል አድርጎ ነዋሪዎቹን ማስነሳት ጀመረ። መሬቱ በሕግ በአካባቢው የአስተዳደር ምክር ቤት በአደራ የተያዘ በመሆኑ ማኅበረሰቡ በስሙ የባለቤትነት ማስረጃ አልነበረውም። ለ400 አባወራዎች ለም መሬት፣ ከቱሪዝም ገቢም 25 በመቶ እንደሚሰጥ ቃል ተገብቶ እንደነበር ማኅበረሰቡ ይናገራል። ይሁንና በ1986 ለ170 አባወራዎች የተከፈለው ለእያንዳንዳቸው 3,150 የኬንያ ሽልንግ ብቻ ነበር። በደረቁ መሬት ላይ ብዙ ከብት አለቀ።

ማኅበረሰቡ ግን ተበትኖ አልቀረም። የእንዶሮይስ የበጎ አድራጎት ምክር ቤት የሚባል ማኅበር መሥርቶ ጉዳዩን ወደ ሕግ ወሰደ። በናኩሩ ከተማ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2002 ክሱን ውድቅ አደረገው፤ በተፈጥሮ ሀብት አጠገብ መወለድ ብቻ ከሀብቱ ልዩ ጥቅም አያሰጥም የሚል ምክንያት ነበር የሰጠው። ባላገሮቹ በዚህ ተስፋ ሳይቆርጡ፣ ከመብት ተከራካሪ ድርጅቶች ጋር ሆነው በ2003 ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቤት አሉ።

በኮሚሽኑ ፊት ዋናው ጥያቄ ወረቀት የሌለው ሕዝብ ባለመሬት ሊባል ይችላል ወይ የሚል ነበር። ኮሚሽኑም በ2009 በሰጠው ውሳኔ፣ ከጥንት ጀምሮ በባህላዊ መንገድ መሬቱን ይዞ መጠቀም መንግሥት ከሚሰጠው የባለቤትነት ማስረጃ የማይተናነስ መብት እንደሚያስገኝ አረጋገጠ። መሬቱ እንዲመለስ፣ ካሣ እንዲከፈል፣ ከብቶቻቸውም ወደ ግጦሹ እንዲገቡ ጠየቀ። በ2010 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ውሳኔውን አጸደቁት።

ፍርድ ማግኘትና መሬት ማግኘት ግን ለየቅል ሆነው ተገኙ። መንግሥት የአፈጻጸም ግብረ ኃይል ያቋቋመው በ2014 ነው፤ ውሳኔው ከተሰጠ ከ10 ዓመት በኋላም መሬቱ አልተመለሰም ነበር።

ከዚህ ታሪክ አባላትም አመራሮችም የምንማረው አለ። በቃል የተሰጠ ተስፋ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ቃል የሰጠው ሹም ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ሽማግሌዎች ስለ ድንበር፣ ስለ ግጦሽና ስለ ውኃ የሚያውቁትም በጊዜው ሊመዘገብ ይገባል። ባለሥልጣንም ቢሆን ባለመሬቱን ሳያማክር የጀመረው ልማት ውሎ አድሮ ወደ ሸንጎ ይወስደዋል። ከሁሉ በላይ፣ እንዶሮይሶች በየግላቸው ቢጮኹ ኖሮ ድምፃቸው ከቦጎሪያ ዳርቻ ባላለፈ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ያባቶቻችን ቃል የኅብረት ሥራችን መሠረት የሆነውም ለዚሁ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!