ከቁርጥ ማዕድ እስከ ጽጌረዳ ወገን፦ ኮሶ ዘመዶቹን እንዴት አገኘ?

ቄራ አካባቢ ያሉ ሥጋ ቤቶች ሞልተው ቁርጥ ከመቅረቡ በፊት፣ ከብቱ በታረደበት ግቢ ሌላ ቢላዋ ሥራውን ጨርሷል። የሥጋ መርማሪው የበሬውን የመንጋጋ ጡንቻ፣ ምላሱንና ልቡን እየሰነጠቀ ያያል። የሚፈልገው ውሃ ያዘለች ነጭ ትንሽ ከረጢት ነው። እሷ ከዓይኑ አምልጣ በጥሬ ሥጋ ወደ ሰው ሆድ ከገባች፣ አድጋ የኮሶ ትል ትሆናለች።

ዛሬ ለዚህ ክኒን አለ። ክኒኑ ከመምጣቱ በፊት ግን ጥሬ ሥጋ ወዳዱ ሁሉ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር። የሴቴው ዛፍ አበባ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጥና ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱ ይታወቃል፤ መጠኑ ሲያልፍም ዓይን ይጎዳል። ይህን መራራ ዛፍ ከጽጌረዳ ጋር ያዛመደው ማን ነው? ታሪኩ ከጎንደር ተነስቶ ፓሪስን አልፎ አራት ኪሎ ይደርሳል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ደርሶ በ1770 ጎንደር ገባ። አብሮት የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር። ያዩትን ዕፅ በእርሳስና በቀለም ያስቀረው ባሉጋኒ ነው፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮሶን በሥዕልና በጽሑፍ ለአውሮፓ ሲያስተዋውቅ ለሠዓሊው የሚገባውን ክብር አልሰጠውም። ይህ በደል ሳይካስ ብዙ ዘመን ቆየ። ሥዕሎቹ በባሉጋኒ ስም ተሰብስበው በመጽሐፍ የታተሙት በ1991 በፖል ሀልተን፣ በናይጀል ሄፐርና በኢብ ፍሪስ ድካም ነው።

ብሩስ ዛፉን በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም «ባንክሲያ» አለው። ስሙ ግን አስቀድሞ ለአንድ የአውስትራሊያ ዕፅ ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። በ1791 ጀርመናዊው ግመሊን «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ብሎ ሰየመው፤ የኮኒግስበርጉን የመድኃኒትና የዕፅዋት ሊቅ ካርል ጎትፍሪድ ሀገንን ለማክበር ነው። ስም ተገኘ። ወገኑ ግን ገና ነበር።

በዚያ ዘመን የዕፅዋት ሊቃውንት በሁለት መንገድ ይከራከሩ ነበር። የስዊድኑ ካርል ሊኔየስ በ1753 ባሳተመው ትልቅ ሥራው ዕፅዋትን የመደበው በአበባው ውስጥ ያሉትን የወንዴ ክሮች በመቁጠር ነው። ለመለየት ፈጣን ነው፤ ዘመድን ከዘመድ ግን ያለያያል። ኮሶ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ በሊኔየስ ደንብ ከሄድን ከቀጋ ተነጥሎ፣ እንደ እሱ ወንዴና ሴቴው ከተለያየው ከአኻያ ጋር ሊመደብ ነው። ፓሪስ ላይ አንትዋን ሎራን ደ ጁሲው በ1789 ሌላ መንገድ አቀና፦ አንድ ምልክት ብቻ አይበቃም፤ የብዙ ምልክቶች መስማማት ነው ቤተሰብን የሚያሳየው። ዕፅዋትን በመቶ ያህል ቤተሰብ መደበ፤ የጽጌረዳ ቤተሰብ ከነዚያ አንዱ ነው።

በ1822 የሆነውን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ የኮሶን ፈዋሽነት ዐውቆ ኖሮ፣ የደረቀ የአበባ ስብርባሪ ፓሪስ ደረሰ። የዕፅዋት ሊቁ ካርል ኩንት መረመረው። ዛፉ በፊቱ አልነበረም፤ ያለው መድኃኒት ቤት የሚገባ ድርቆሽ ብቻ ነው። ከዚያው ተነስቶ «ይህ የጽጌረዳ ወገን ነው» አለ። አዲስ ዝርያ መስሎትም «ብራየራ» ብሎ ሰየመው፤ የ1791ዱ ስም ስለሚቀድም የኩንት ስያሜ ቀረ። ስለ ቤተሰቡ የሰጠው ፍርድ ግን እስከ ዛሬ አልተነቀነቀም።

ምን አይቶ ነው? የሴቴ ኮሶን አንዲት አበባ ከዘለላው ቀንጥሳችሁ በማጉያ መስተዋት ተመልከቱ። ከሩቅ ቀይ ሆኖ የሚስበው እንደ ሌላው አበባ መልካ አበባው አይደለም፤ ከሽፋኑ ውጭ የተደረበ ሌላ የቅጠል ረድፍ ነው። እውነተኞቹ መልካ አበባዎች ከውስጥ ኮስሰው ተደብቀዋል። ሁሉም የበቀሉት ከአንዲት ጽዋ ከንፈር ላይ ነው፤ ፍሬ የሚሆነው ክፍል በጽዋዋ ውስጥ ተቀምጧል። የቀጋን አበባ ለሁለት ብትሰነጥቁ ያንኑ ጽዋ ታገኛላችሁ። ቅጠሉም ይመሰክራል፦ የኮሶም የቀጋም ቅጠል በአንድ አገዳ ግራና ቀኝ የተደረደረ ነው፤ ከሥሩም ከአገዳው ጋር የተጣበቀ ክንፍ አለው።

ስለዚህ ባሌ ተራራ ላይ ያለው ኮሶ የቀጋ፣ የእንጆሪ፣ የጥቁር እንጨት፣ የቼንቻ አፕልም ዘመድ ነው። በሙያ የሚመስሉት ግን ዘመዶቹ አይደሉም። እንቆቆና መተሬ እንደ ኮሶ የትል መድኃኒት ናቸው፤ ሦስቱ በሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች ይገኛሉ። ባለመድኃኒቱ በጥቅም አስተባበራቸው፤ የዕፅዋት ሊቁ በአበባ ለያቸው። ሁለቱም ዕውቀት ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ለየቅል ነው።

ይህን የዘመድ ቆጠራ በአገራችን ምድር ዳር ያደረሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ (የዕፅዋት መዝገብ) ሥራ ነው። በ1980 በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ፤ ስምንት ቅጾች፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ሰብስቤ ደምሰው፣ እንሰርሙ ቀልበሳ፣ መስፍን ታደሰ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ከስዊድን ኢንጋ ሄድበርግ ዕድሜያቸውን ሰጥተውበታል። ማስረጃው አራት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሐርቤሪየም ተቀምጧል፦ ተጭነው የደረቁ ቅርንጫፎች፣ በወረቀት ላይ ተሰፍተው፣ የተለቀሙበት ቦታና ቀን ተጽፎባቸው። ቀድሞ የታተመው ሦስተኛው ቅጽ ነው፤ በ1989 የወጣው። ኮሶና ቀጋ ያሉትም እዚያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ዲኤንኤ መጣ። በ1998 የተለያዩ አገሮች ሊቃውንት ተባብረው የአባቢ ዕፅዋትን ቤተሰቦች በዘረመል ማስረጃ መደቡ፤ በ2016 ያወጡት አራተኛው ዝርዝር 416 ቤተሰቦች አሉት። ኮሶ ከጽጌረዳ ጋር ጸና፤ የቅርብ ዘመዱም በደቡባዊ አፍሪካ ተራሮች የሚበቅል አንድ ትንሽ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። እንቆቆ ግን የቆየበት ቤተሰብ ፈርሶ ወደ ፕሪሙላ ቤተሰብ ተዛውሯል። ፍሎራችን መታደስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ኮሶ፣ ቀጋ፣ እንቆቆ የሚሉት ስሞቻችን የሰፈሩት በላቲን ፊደል ነው። የሚታደስ ከሆነ፣ ቢያንስ አንድ ቅጽ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ይውጣልን፤ ከጽጌረዳው ቤተሰብ ቢጀመር ደስ ይለኛል።