ከኮሶ እስከ አሞክሳሲሊን

«ቲቸር፣ ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱ ያመጣብኝ ተቅማጥ ነው የጣለኝ።» ሰሞኑን እንዲህ ያሉኝ ተማሪዎች ስለበዙ፣ እስቲ ነገሩን እንደለመድኩት በታሪክ በኩል ልያዘው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ አገራችንን ካየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ኮሶ ጽፏል። አንድ እፍኝ የደረቀ አበባ በጠላ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ጠዋት ይጠጣል። የጠጣው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ቤቱ ተከቶ ይውላል፤ ወዳጅ እንኳ አያየውም። እኔን የሚገርመኝ ይቺ መከተት ናት። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፣ እኛ ቆላ ቀወት አይበቅልም፤ ወጉን ግን አያቶቻችን ያውቁታል። ኮሶ የጠጣ ሰው ሥራ አይታዘዝም። ሆዱ ታጥቧል፣ ጊዜ ይሰጠዋል።

ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንቱን ቁስለኛ አተረፈ! ከዚያ በኋላ ሰው ክኒኑን ውጦ ወደ ሥራው መሄድ ለመደ። ችግሩ፣ አንቲባዮቲክ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ በሽታ አምጪውን ሲገድል አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይፈጃል። የነሱ ቦታ ባዶ ሲሆን ሌላ ይገባበታል። ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለው ባክቴሪያ በዚህ መንገድ ተራብቶ ከባድ የአንጀት ሕመም እንደሚያመጣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ፔኒሲሊን ከተገኘ 50 ዓመት ሞልቶት ማለት ነው።

ስለዚህ ተቅማጡን ለማቆም ብሎ ከፋርማሲ ሌላ አንቲባዮቲክ መግዛት (እኛ ሰፈር የተለመደ ነው) የቀሩትን ወዳጆች መጨረስ ነው። አብዛኛው ተቅማጥ መድኃኒቱ ሲያልቅ በራሱ ይተዋል። እስከዚያው ኦ.አር.ኤስ በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ደጋግሞ መጠጣት፣ ቅባትና በርበሬ የሌለው ቀለል ያለ ምግብ መብላት ነው። ሆዴን አመመኝ ብላችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ያዘዘላችሁን ጠይቁ።

እርጎስ? ሲረጋ የሚያረጉት ራሳቸው ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ለብዙ ሰው ሆድም ይስማማል። ከተፈላ ወተት የረጋ ቢሆን ይመረጣል፣ ጥሬ ወተት ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣልና። ደግሞ ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን የምትወስዱ ከክኒኑ ጋር አንድ ላይ አትጠጡት፤ ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይይዘዋል። ሰዓት አራርቁት።

ደም ከታየበት፣ ትኩሳት ወይም ኃይለኛ ቁርጠት ካለው፣ ወይም ሕፃንና ሽማግሌ ላይ ከበረታ ግን እርጎም ኦ.አር.ኤስም ብቻውን አይበቃም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የወሰዳችሁትን ክኒን ማሸጊያም ይዛችሁ ሂዱ፣ ስሙን ማየት ይፈልጋሉ።