በዐይን ማዜም፤ ከድጓ ምልክት እስከ ዶዮገና ጥቁር ሰሌዳ

በዚህች አጭር ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ በሥነ ጽሑፍ ክፍል መጽሔት ላይ መውጣቱ አንዳንድ አንባብያንን ሊያስገርም ይችላል። ጉዳዩ ወጣት ዘማሪ ቀድሞ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀት ላይ አይቶ ወዲያው እንዲያዜም የማሠልጠን ጉዳይ ነው። እኔ በሙያዬ የቃል ግጥም አስተማሪ እንጂ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም። ያም ሆኖ «ማንበብ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ ያነሣብኝ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሳይሆን፣ በ1987 ዓ.ም. ዶዮገና ውስጥ በአንድ የጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ወደ ሰሌዳው ከመድረሴ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

በአገራችን ዜማን በጽሑፍ የማኖር ታሪክ ረጅም ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን እንደ ነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች እንዳስገኘ ትውፊቱ ያስረዳል። ዛሬ በድጓ መጻሕፍት ላይ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ተሰልፈው የምናያቸው ምልክቶች ግን ከዚያ እጅግ ዘግይተው የመጡ ናቸው። ሥራው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559) በነበሩት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ስም ይታወቃል፤ ስማቸውም ከተድባበ ማርያም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ዘመኑን ልብ ይሏል። ከኢማም አሕመድ ጦርነት በኋላ ነው፤ አድባራት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ጠፍተዋል፣ ሊቃውንት አልቀዋል። ዜማን በጆሮ ብቻ ማቆየት እንደማይበቃ የታወቀው ጆሮዎቹ ራሳቸው መሞት ሲጀምሩ ይመስለኛል።

ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዎቹ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት የሚባሉት፣ ኋላም አንብርና ድርስ የተጨመሩባቸው የቅርጽ ምልክቶች ናቸው፤ ድምፅ የሚወርድበትን፣ የሚነሣበትን፣ የሚቆምበትን፣ የሚንቀጠቀጥበትን ያመለክታሉ። ሁለተኛዎቹ በመቶ የሚቆጠሩት የፊደል ምልክቶች ሲሆኑ ለእኔ ይበልጥ የሚያስደንቁኝ እነሱ ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ከአንድ የታወቀ ቃለ ዜማ ተወስዶ በሌላ ቃል ላይ ሲቀመጥ፣ «ይህን ያን በምታዜምበት ዜማ አዚመው» ማለት ነው። ፊደሉ የሚጠቁመው አንድን ድምፅ አይደለም፤ አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ነው። በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ጠቃሽ ዘይቤ ልንለው እንችላለን፤ ጠቀሳውን የሚረዳው ደግሞ የተጠቀሰውን አስቀድሞ የሚያውቅ ብቻ ነው።

ስለዚህም የድጓ ተማሪ ምልክቱን ዐይቶ አያዜምም፤ ያወቀውን ዜማ በምልክቱ ያስታውሳል። ሰምቶ የተቀበለውን በመጽሐፍ ይቀጽላል፣ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፣ ለዓመታት ይደክማል፣ በመጨረሻም ለማስመስከር ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ይወርዳል። አንድ ሰው ምልክቶቹን ሁሉ በቃሉ ቢያጠና፣ መምህር አፍ ሥር ካልተቀመጠ በቀር አንዲት አርኬ አያወጣም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልቆጥረውም። ምልክቱ የተሠራው መምህሩን ሊተካ አይደለምና።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው የአውሮፓው ታሪክ ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊው መነኩሴ የአሬዞው ጉይዶ ልጆችን መዝሙር ሲያስተምር፣ ለቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ከተደረሰ አንድ የላቲን መዝሙር የየሐረጉን የመጀመሪያ ቀለም እየወሰደ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ የሚሉትን ስያሜዎች አወጣ። ኡት ኋላ ዶ ተባለ፤ ሲም ተጨመረ። መነሻው ከእኛ ሊቃውንት መነሻ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ይታያል፤ ሁለቱም ምልክታቸውን የቆረጡት ከሚታወቅ መዝሙር ቃል ነው። የተለያዩት ግን እዚያው ላይ ነው። የጉይዶ ቀለም የአንድ ድምፅ ስም ብቻ ሆነ፤ ከሐረጉም ከመዝሙሩም ተላቀቀ። ስለተላቀቀም ለማንኛውም ዜማ ያገለግላል። ጉይዶ ራሱ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቀድሞ አሥር ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በአንድ ቢበዛም በሁለት ዓመት እንደሚጨርስ ተናግሯል። የቤተ ልሔም መምህር ይህን ቢሰማ «ታዲያ በቀሪው ዘመን ምን ይማራል?» የሚል ይመስለኛል።

በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊቷ ሣራ ግሎቨር የጀመረችውን፣ ጆን ከርዌንም ያስፋፋውን ዘዴ ሚሲዮናውያን ወደ አፍሪካ ይዘውት መጡ። ይህ ዘዴ መስመርም ነጠብጣብም አያሻውም፤ ድምፆቹን በፊደል፣ ምቱን በሥርዓተ ነጥብ ስለሚጽፍ በማንኛውም ማተሚያ ቤት ይታተማል። በማዳጋስካርና በደቡብ አፍሪካ መዘምራን ዘንድ እስከ ዛሬ ሥር ሰድዷል። ኤኖክ ሶንቶንጋ እ.ኤ.አ. በ1897 የደረሰው፣ ኋላ የብሔራዊ መዝሙር ክፍል የሆነው የደቡብ አፍሪካ መዝሙር የተጻፈው በዚሁ ዘዴ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ኖታ የገባው በሌላ በር፣ በወታደር ማርሽ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር የነፋስ መሣሪያ ባንድ አቋቋሙ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተስፋፋ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተሩም አሸናፊ ከበደ ነበር። የትምህርት ቤቱ ስም የያሬድ፣ የሚነበበው ጽሕፈት ግን በአብዛኛው የጉይዶ ወራሽ መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

አሁን ወደ ዶዮገና ልመለስ። ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ወደ ሆሳዕና አካባቢ የገባው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የውጭ ሰዎቹ አገር ለቀው ሲወጡ አማኙ በጥቂት ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ትምህርቱን የተሸከመው መዝሙር ነበር። አንድ ሰው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ መጽሐፍ ለመያዝ የሚያስፈልግ ዕውቀት ሁሉ በጆሮ ይሄዳል። እኔም በዚሁ ሥርዓት ነው ያደግሁት። በደርግ ዘመን የነበሩት የኪነት ቡድኖችም ቢሆኑ ዓላማቸው ሌላ ይሁን እንጂ ዘፈናቸውን የሚማሩት በዚያው መንገድ፣ አፍ ለአፍ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት አሠልጣኝ በሰሌዳው ላይ አምስት መስመር አሰመረ። ከመዘምራኑ ትንሹ እኔ ነበርሁ። «ዶ ቤት ነው» አለን፤ «ቤቱ ቢዛወርም በክፍሎቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም።» ጭብጡን ጨብጦ ሲያሳየን ዶ፣ መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቶ ሲያሳየን ሚ እንላለን። የምልክቶቹ አወጣጥ የከርዌን መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ አላስቸገሩንም፤ እነዚህ አምስቱ የትዝታ ቅኝት ናቸውና ከእናታችን ጓዳ ይዘናቸው መጥተናል። የተሸነፍነው በፋና በሲ ነው። ፋን ስንል ወይ ወደ ሚ እንወርዳለን ወይ ወደ ሶል እንዘላለን፤ ሲም ሳናስበው ዶ ትሆናለች። አሠልጣኙ ጆሯችን የደነዘዘ መሰለው። ኋላ እንዳነበብሁት ሀንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ ልጆችን በአምስት ድምፅ ጀምሮ ፋንና ሲን ማዘግየት እንደሚገባ ያስተማረው በዚሁ ምክንያት ነው። የእኛ አሠልጣኝ ይህን አልሰማም ነበር፤ ቢሆንም ትጉህ ሰው ነበርና በስምንት ወር ውስጥ አሥራ አራታችን ያላየነውን መዝሙር ከወረቀት ማዜም ቻልን። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ ፊደል ቆጥሬ ከጨረስሁበት ቀን በቀር ከምንም ጋር አላወዳድረውም።

ይሁን እንጂ እንደ ፊደል ሁሉ ኖታም የማይጽፈው ነገር አለ። በአማርኛ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን ጊዜውን የሚለየው ጥብቀት በጽሕፈቱ የለም፤ አንባቢው ከጆሮው ያመጣዋል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው ከምባትኛ ጥብቀትን ፊደል በመደጋገም ያሳያል፤ ነገር ግን በዚህ ቋንቋ ትርጉም የሚለየውን የድምፅ ጫና አይጽፍም። እኔ የተያዝሁት በዚህ ወጥመድ ነው።

በመንደራችን መዝሙር የሚያወጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ፊደል አልቆጠሩም። በ1990 ዓ.ም.፣ ኖታ በቅጡ በያዝሁ ጊዜ፣ ከሚያወጧቸው መዝሙሮች አንዱን ልጽፍላቸው ተነሣሁ። ሦስተኛው ድምፃቸው ሚም ፋም አልነበረም፤ በመካከሉ ነበር። ሚ ብዬ ጻፍሁት። የሐረጉን መጨረሻ ተቀባዮቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ እንደ ቀኑ ያስረዝሙት ነበር፤ እኔ አራት ምት ሰጠሁት። ጫናው ባላረፈበት ቀለም ላይ ከባዱ ምት ወደቀ። ለመዘምራኑ አባዝቼ ሰጠሁ፤ በሁለት ልምምድ አጠኑት፤ እሳቸው ፊትም አዜሙት። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «መልካም ነው ልጄ፤ የማን መዝሙር ነው?» አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። በ1995 ዓ.ም. ሲያርፉ ድምፃቸውን በካሴት የቀዳ አልነበረም። ቴፕ ነበረን፤ ተጽፏልና ማንም አላሰበውም። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የጻፉት ዜማውን ለሚያውቁ ሰዎች ነበር፤ እኔ የጻፍሁት ለማያውቁ ነው፤ በእርግጥም የማያውቁት ደረሳቸው።

ባለፈው ዓመት ለእረፍት ስወርድ በዚያው ጸሎት ቤት አንዲት ወጣት አሠልጣኝ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናቸውን ልጆች ስታስተምር አገኘኋት። የያዙት ቅጂ የእኔ ጽሕፈት ነበር፤ ጥግ ላይ ያለውን የቀለም ጠብታ አውቄዋለሁ። መዝሙሩን ከዚያ በፊት አንዳቸውም ሰምተውት አያውቁም። ዶን ሰጠቻቸው፣ እጇን አነሣች፤ አንድም ሳይስቱ ከዳር እስከ ዳር ወጡት። ሦስተኛዋን ድምፅ ሚ አሏት፤ አራቱን ምትም ጠበቁ። «እንዴት ነው ጋሼ?» አለችኝ። ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀድጄ፣ የመንደሩ አዛውንት ከሚያስታውሱት ምን ያህሉን ልትሰበስብ እንደምትችል ልንጽፍ ተቀመጥን። እስካሁን ሦስት ሰዎች አግኝታለች፤ ሦስቱም ያችን ድምፅ ለየብቻ ያወጧታል።