ከብረት ሰፈር የወጣ ድምፅ

ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወህኒ ቤቱን ነው። እኛ ግን የምናስበው ብረታ ብረት ፋብሪካውን ነው፤ ወደ አቃቂ ዝቅ ሲሉም የጨርቃ ጨርቁ ወዛደር የኖረበትን ሰፈር። ለመሆኑ ሌላ አገር እንዲህ ያለ ሰፈር የራሱን ሙዚቃ ሲወልድ የእኛ ለምን ዝም አለ? ሜታል የሚባለውን የጊታር ነጎድጓድ «የፈረንጅ እብደት» ብለው የሚያጣጥሉ ጓደኞች አሉን። ይሁን፤ ታሪኩን ግን እንስማ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በርሚንግሃም የእንግሊዝ የብረት ከተማ ነበረች። በ1965 ቶኒ አዮሚ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት በቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ፣ መኪናው የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ጊታር የሚጫወተው በግራው ስለነበረ ክሩን የሚጫኑት እነዚያው ጣቶች ናቸው። ከፕላስቲክ ጫፍ ሠርቶ አጠለቀላቸው፤ እየቆየም ክሮቹን አላልቶ ይቃኝ ጀመር፤ ድምፁ ወፈረ፣ ከበደ። የእሱ ባንድ፣ ብላክ ሳባዝ፣ በ1970 ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ የሄቪ ሜታል መነሻ ይባላል። ፋብሪካ ጣት ወስዶ ድምፅ ሰጠ እንበል?

ከዚያው ከተማ አጠገብ፣ ሜሪደን በምትባል መንደር፣ በ1981 ለጋ ልጆች ናፓልም ዴዝ የሚል ባንድ አቋቋሙ። ስሙን ልብ በሉ፤ ናፓልም ቬትናም ላይ የዘነበው እሳት ነው። የሚጮኹትም በጦርነትና በትልልቅ ኩባንያዎች ላይ ነበር። በ1987 የወጣው «ስከም» የተባለው ሸክላቸው 28 ዘፈን ይዟል፤ አንደኛው ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም! ይህ ግራይንድኮር የተባለው ስልት ለጆሮ ይመቻል አንልም። የሸክላው ሁለት ገጾች የተቀዱት በተለያየ ጊዜ፣ በተለያዩ ሰዎች ነው፤ በሁለቱም ላይ ያለው ድራም መቺው ሚክ ሃሪስ ብቻ ነው። ስሙን ያዙልን።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያቆመው ምንድነው ቢሉ፣ ትልቅ ኩባንያ አይደለም። ስፓርክሂል በሚባል ሰፈር፣ ሜርሜድ የምትባል መሸታ ቤት ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍል ነበረች፤ እዚያ ይጫወታሉ። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ፣ በፖስታ ከአገር አገር ይዞራል። በወረቀት የሚባዙ ትንንሽ መጽሔቶችም ነበሯቸው፤ አሁን እጃችሁ ላይ ካለው ብዙም የማይለዩ።

ካሴት ማስቀዳትማ ለእኛ መቼ አዲስ ሆነ? ገና በ1969 አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ ተብሎ የታጠረውን አጥር ጥሶ የራሱን ሸክላ አሳትሟል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ማታ ጭፈራ ቤት የገባ እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ኃይሉ መርጊያ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር ግዮን ሆቴል የቀዳው «ወደ ሐረር ጉዞ» የወጣው በካሴት ነው። ሜታል አይደለም፤ አዎ። የመኖሪያ ዘዴው ግን ያው ነው፤ የተዘጋ በርና ካሴት። ልዩነቱ በሩ ያለው መሃል ከተማ መሆኑ ነው። ከቃሊቲ ለሚነሳ ወዛደር ግዮን ገብቶ ማንጋት የሚታሰብ አልነበረም።

ወደ ሚክ ሃሪስ እንመለስ። በ1991 ከናፓልም ዴዝ ወጥቶ፣ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ዞርንና ከቤዝ ተጫዋቹ ቢል ላዝዌል ጋር ፔይንኪለር የሚባል ባንድ መሠረተ። ይህ ላዝዌል ማን ነው? የእኛዋን የጂጂን፣ የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የ2001 አልበም ያዘጋጀው ሰው! በ2012 የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ያዘጋጀውም እሱው ነው። እንግዲህ ከሜርሜድ ፎቅ እስከ ጃኖ ጊታር ያለው ርቀት ሁለት ሰው ነው። «ከእኛ ጋር ምን አገናኘው» የሚሉ ጓደኞቻችን ይህን እንዴት ይመልሱት ይሆን?

ጃኖ በአማርኛ የተዘፈነ ሮክ ነው፤ ናፓልም ዴዝ አይደለም። ደግሞም ስመ ጥር አዘጋጅ ይዞ የመጣ እንጂ ከመሸታ ቤት ፎቅ የተነሳ አይደለም፤ ይህን የምንለው ለመንቀፍ አይደለም። የቃሊቲ ልጅ ግን ጊታርና ማጉያ ቢያገኝ እንኳ የት ያስጩኸው? ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጎረቤት ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ገብቶ ቀን የሚተኛ ሰው ነው።