ጣዝማ፤ ከቁፋሮ ወደ ቀፎ

በምዕራብ ሐረርጌ ከቺሮ እስከ በዴሳና እስከ ገለምሶ ባሉት ከተሞች ዙሪያ ንብ ማነብ የቆየ ሥራ ነው። ማር በሚቆረጥበት ጊዜ ስንቅ ከተተወላት ንቧ ትሰነብታለች፤ ካልተመቻትም ቀፎውን ጥላ ትሰደዳለች። ከዚህች ከታወቀችው ንብ ሌላ ግን በኢትዮጵያ መናደፊያ የሌላት፣ በአካልም በጣም የምታንስ፣ ጎጆዋን ከመሬት በታች የምትሠራ ንብ አለች። እርሷም ጣዝማ ናት።

የጣዝማ ማር ከምግብነቱ ይልቅ በመድኃኒትነቱ ይታወቃል። ለሳልና ለሆድ ሕመም ይፈለጋል፤ ዋጋውም ከተራው ማር ይበልጣል። ቆፋሪው ንቧ የምትገባበትን ጠባብ ቀዳዳ ተመልክቶ ጎጆው እስኪገኝ ድረስ መሬቱን ይቆፍራል፤ ማሩን ካወጣ በኋላም ጉድጓዱን ትቶ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ የንቧ ዕጣ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የነፍሳት ሰብሳቢዎችም ቢሆኑ ይህን አልጠየቁም። በ1870 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያውያኑ ኦራዚዮ አንቲኖሪና ኦዶአርዶ ቤካሪ በከረን አካባቢ በቦጎስ ምድር ዕፅዋትንና እንስሳትን ሲሰበስቡ ነበር። በ1879 እ.ኤ.አ. ጆቫኒ ግሪቦዶ ለጣዝማ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣላት በቤካሪ ሰየማት፤ ዛሬም ሜሊፖኑላ ቤካሪ ትባላለች። ይሁን እንጂ በመርፌ ተወግታ በሙዚየም ሣጥን የተቀመጠች ንብ መልኳን ታሳያለች እንጂ የቤቷን አሠራር አትናገርም።

የነገሩ ቁልፍ ግን ያለው በቤቷ አሠራር ላይ ነው። ጣዝማ የምትሰፍረው በተዘጋጀ የመሬት ውስጥ ክፍተት፣ አብዛኛውን ጊዜም ምስጥ ወይም ጉንዳን በተወው ጉድጓድ ነው። ማሯን የምታኖረው በማር እንጀራ ሳይሆን ከሰምና ከዛፍ ሙጫ በተቀላቀለ ነገር በሠራቻቸው ትንንሽ እንስራዎች ነው። መናደፊያ የሌላቸው ንቦች አዲስ መንጋ ሲመሠርቱ ሠራተኞቹ ሰሙንና ማሩን ከእናት ጎጆ እያመላለሱ አዲሱን ቤት አስቀድመው ያሰናዳሉ፤ ወደዚያ የምትሄደውም ወጣቷ ንግሥት ናት። አሮጊቷ ንግሥት ሆዷ ስለሚገዝፍ መብረር አትችልም። ስለዚህ ጎጆዋ የፈረሰባት ጣዝማ እንደ ማር ንብ ተነሥታ ልትሰደድ አትችልም፤ አንድ ቁፋሮ አንድ መንጋ ያጠፋል ማለት ነው።

በሌላ አገር ይህን ችግር ጥንት የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በሜክሲኮ የዩካታን ማያዎች መናደፊያ የሌላትን የአገራቸውን ንብ በተቦረቦረ ግንድ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት አኑረዋል። የግንዱን ጫፍና ጫፍ በክዳን ስለሚዘጉት ማሩን ለመውሰድ ክዳኑን ማንሣት እንጂ ቤቱን ማፍረስ አላስፈለጋቸውም። ዛሬም በብዙ አገር እንዲህ ያሉትን ንቦች በትርፍ ጊዜያቸው በሣጥን የሚያኖሩ ሰዎች አሉ።

በኢትዮጵያም የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች የጣዝማን ማር መርምረዋል። የመናደፊያ አልባ ንቦች ማር በአብዛኛው ከ20 በመቶ በላይ ውኃ ስለሚይዝ ለማር ንብ በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲለካ ጉድለት ያለበት ይመስላል። ማሌዥያ በ2017 እ.ኤ.አ. ለዚህ ማር የተለየ ደረጃ ያወጣችው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመሐንዲስ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚታወቅ ጥያቄ አለ። ለዛፍ ንብ የተሠራ ሣጥን ለመሬት ንብ አይሆንም። የጉድጓዱን እኩል ሙቀት፣ ጨለማና እርጥበት የሚጠብቅ፣ የማሩን ክፍል ከእጩ የሚለይ፣ ንግሥቲቱን ሳይነካ የሚከፈት ቤት ያስፈልጋታል። ይህ በስፋት እስኪሠራ ድረስ ግን መድኃኒት ፈላጊው በገዛ እጁ የመድኃኒቱን ምንጭ እየቆፈረ መቅበሩ አይቀርም።