በፒክአፕ ተሽከርካሪ ላይ የሚሰማ ያልታወቀ ኳኳታ፦ ምንጩን መለየትና መወሰድ ያለበት ጥንቃቄ

ፒክአፕ ተሽከርካሪ ኮረኮንች መንገድ ላይ ሲሄድ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ኳኳታ ማሰማቱ የተለመደ ነው። ከሌሎች ቀላል ተሽከርካሪዎች ይልቅ ይህ በፒክአፕ ላይ የሚበዛው በአሠራሩ ምክንያት ነው። የአሽከርካሪው ክፍልና ካሶኒው በአንድ ሻንሲ ላይ ለየብቻ በብሎንና በጎሚኒ የታሰሩ ሁለት አካላት ናቸው። የኋላው ባሌስትራ ደግሞ ለጭነት ተብሎ ጠንክሮ የተሠራ በመሆኑ ካሶኒው ባዶ ሲሆን የተሽከርካሪው ኋላ ይዘላል፤ በደንብ ያልታሰረ ነገር ሁሉ በዚያ ጊዜ ይንኳኳል። በዚህ ላይ ድምፅ በብረት ውስጥ ርቆ ስለሚጓዝ፣ በቀኝ በር በኩል የተሰማው ኳኳታ ምንጩ የግራው የኋላ ጎማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ወደ ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት የድምፁን ምንጭ በሥርዓት እንዲያጠብቡ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ተሽከርካሪውን ወዲያውኑ ማቆም የሚያስፈልግበትን ሁኔታ ለይተው እንዲያውቁ ነው።

ጉዞ መቋረጥ ያለበት መቼ ነው?

ከጎማ አካባቢ የሚመጣና ከጎማው ዙረት ጋር እየፈጠነ የሚሄድ ኳኳታ ከተሰማ ተሽከርካሪውን ዳር አስይዘው ያቁሙ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ የጎማ ዳዶ መላላት ነው፤ ጎማው በቅርቡ ጎሚስታ ዘንድ ተፈትቶ የታሰረ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከዳዶው ሥር ወደ ውጭ የተዘረጋ የዝገት መስመር ዳዶው ላልቶ መቆየቱን ያመለክታል። ዳዶዎቹ ትይዩ ትይዩውን እየተፈራረቁ፣ አምራቹ በወሰነው የጥብቀት መጠን መታሰር አለባቸው። ጎማ ከተቀየረ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ ጥብቀቱን ደግሞ ማረጋገጥ ይገባል። የብሎኑ መግቢያ ቀዳዳ ተበልቶ የሰፋበት ቸርኬ ወይም የተቆረጠ ብሎን ከታየ ግን ማጥበቁ መፍትሔ አይሆንም፤ በዚያ ጎማ ጉዞ መቀጠል የለበትም።

መሪው ከወትሮው የተለየ ልቅነት ካሳየ፣ የፍሬን ፔዳል ወደ ታች ከሰመጠ ወይም በአሽከርካሪው ክፍል ውስጥ የጭስ ሽታ ከተሰማም እንዲሁ ያቁሙ። የላላ ወይም የተቀደደ የጭስ መውጫ መስመር ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ይህ ጋዝ ራሱ ሽታ የለውም፤ ስለዚህ የጭሱ ሽታ መጥፋቱ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም።

ድምፁ የሚሰማበትን ሁኔታ መመዝገብ

የድምፁን ቦታ ከመፈለግ በፊት ጊዜውን መለየት ይቀላል። ተሽከርካሪው ቆሞ ሞተሩ ሲነሳ የሚሰማ ከሆነ ጎማውንና ባሌስትራውን ለጊዜው መተው ይቻላል፤ ምክንያቱ ሞተሩ፣ ካምቢዮው ወይም የጭስ መውጫው ነው። ሞተሩ በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ሲዞር ብቻ ተሰምቶ ከዚያ በላይም ሆነ በታች የሚጠፋ ቀጭን የቆርቆሮ ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው በጭስ መውጫው ላይ ሙቀት ለመከላከል ከተገጠመው ስስ ቆርቆሮ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ቱቦውንና ማርሚታውን በእጅ መዳፍ መታ መታ ማድረግ ብቻ ምንጩን ሊያሳይ ይችላል። የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ሻካራ ድምፅ እንዳለው ግን መዘንጋት የለበትም። አዲስ የመጣውን ድምፅ ከነባሩ መለየት የሚችለው ተሽከርካሪውን በየዕለቱ የሚነዳው ሰው ነው።

ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር ከሆነ ማርሹ ባዶ ላይ እንዳለ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ያዳምጡ። ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ወደ ካምቢዮው ውስጥ ያመለክታል፤ ሲረገጥ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ይጠረጠራል።

በጉዞ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ የሚቀለው ሙከራ የፍሬኑ ነው። ሰው በማይበዛበት ሻካራ መንገድ ላይ በዝግታ እየሄዱ ፍሬኑን በጣም በቀስታ ይንኩ። ኳኳታው ወዲያውኑ ከቆመ በቦታው ያልተያዘ የፍሬን ሸራ መኖሩን ያሳያል፤ ሸራውን ወጥሮ የሚይዘው ትንሽ ብረት ወድቆ ወይም ሲገጠም ተረስቶ ሊሆን ይችላል። ከጠጠር መንገድ በኋላ በድንገት የሚጀምር የብረት ፍትጊያ ደግሞ በፍሬን ዲስኩና ከጀርባው ባለው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ መካከል የገባ ጠጠር ሊሆን ይችላል።

ተሽከርካሪው ሲነሳና ነዳጅ ተሰጥቶ ሲለቀቅ የሚሰማ አንድ ጠንካራ ምት ክሮቼራ መበላቱን ሊያመለክት ይችላል። መሪ ሲጠመዘዝ የሚሰማው በመሪው ዘንግ ጫፍ ያለችውን ቴስቲናና የፊት እግሩን ቦል ጆይንት ያስጠረጥራል።

ድምፁን ለማዳመጥ ሲባል ሰው ካሶኒ ላይ ተቀምጦ ወይም በጎን ተንጠልጥሎ እንዲሄድ ማድረግ በተደጋጋሚ የሚታይ ልማድ ቢሆንም ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ በጨርቅ ጠቅልሎ ካሶኒው ውስጥ በጥብቅ ማሰርና በየጉዞው ቦታውን መለወጥ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ድምፁ ጎልቶ የተቀረጸበት ቦታ ለምንጩ ይበልጥ የቀረበ ነው።

ከቀላሉ መጀመር

ምንም ክፍል ከመፈታቱ በፊት ተሽከርካሪውን ባዶ ያድርጉ። ከወንበር ጀርባ ያለውን ክሪክና የመፍቻ ቦርሳ፣ በበር ኪስና በመሳቢያ ያለውን ዕቃ፣ ካሶኒው ውስጥ ያለውን ጄሪካንና ሰንሰለት ሁሉ አውጥተው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ደግመው ይንዱ። ኳኳታ በተሰማ ቁጥር አሞርዛተር ማስቀየር እየተለመደ መጥቷል፤ አራት አዲስ አሞርዛተር ከተገዛ በኋላ ጥፋተኛው በማቀፊያው ውስጥ ያልጠበቀ ክሪክ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

በብዙ ፒክአፖች ስኮርታው ከካሶኒው ሥር በሰንሰለት ወይም በሽቦ ገመድ ተሰቅሎ ይቀመጣል። እስከ መጨረሻው ካልተወጠረ በየጉድጓዱ ሻንሲውን ይመታል፤ ይህ ኳኳታ ደግሞ ከባሌስትራ ብልሽት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ስኮርታው በእጅ ሲገፋ መንቀሳቀስ የለበትም። ገመዱ ዝጎ የሳሳ ከሆነም ጎማው በጉዞ ላይ ወድቆ ከኋላ ለሚመጣ ተሽከርካሪ አደጋ ይሆናል። የካሶኒውን የኋላ መዝጊያ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት፣ መዝጊያው የሚያርፍበትን ጎማ ማየት፣ ካሶኒውን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች መፈተሽ ቀጥሎ ይከናወናል። በካሶኒው ላይ በኋላ የተጨመረ የብረት ጣሪያ ወይም የዕቃ መጫኛ ካለ፣ ከተሽከርካሪው ይልቅ ተጨማሪውን ሥራ አስቀድሞ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከተሽከርካሪው ሥር የሚደረግ ፍተሻ

በክሪክ ብቻ በተነሣ ተሽከርካሪ ሥር መግባት ለሞት ሊዳርግ ስለሚችል የተከለከለ መሆኑን ያስቡ። መሬቱ ደልዳላ፣ ሞተሩ የጠፋ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ፣ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች በታኮ የታገዱ፣ ሻንሲው ደግሞ በጽኑ ማቆሚያ ላይ ያረፈ መሆን አለበት። ይህን ማሟላት የማይቻል ከሆነ ሥራው ለጋራዥ ይተው።

የተነሣውን የፊት ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ወዝወዝ ያድርጉ፤ ልቅነት ካለ የጎማው ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንቱ ይጠረጠራል። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲወዘወዝ የሚታይ ልቅነት ግን ብዙውን ጊዜ የቴስቲና ነው። በኋላ በኩል ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የታጠፉ ብሎኖች ይመልከቱ። እነዚህ ሲላሉ ባሌስትራዎቹን አንድ ላይ የሚይዘው የመሐል ብሎን ብቻውን ይቀራል፤ እርሱ ከተቆረጠ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል። የተሰበረ ባሌስትራ፣ በተለይም ለጭነት ሲባል ተጨማሪ ባሌስትራ በገባባቸው ተሽከርካሪዎች ላይ፣ በጭቃ ተሸፍኖ ሊያመልጥ ስለሚችል አስቀድሞ ማጠብ ይጠቅማል። በባሌስትራው ጫፍ ያሉት ጎሚኒዎች ከተበሉ ብረት ከብረት ጋር ይገናኛል፤ የተጋጨበት ቦታ አብረቅርቆ ይታያል። አሞርዛተር መቀየር ያለበት ዘይት ሲያፈስ፣ ጎሚኒው ሲበላ ወይም ተሽከርካሪው አንድ ጊዜ ተጭኖ ሲለቀቅ ደጋግሞ ሲወዛወዝ ነው።

ጋራዥና ዓመታዊ ምርመራ

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል። ምርመራውን ማለፍ ግን ኳኳታው ጉዳት የለውም ለማለት ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ በኮረኮንች ላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ በምርመራው ቦታ ላይሰማ ይችላል።

ለመካኒኩ «ይንኳኳል» ከማለት ይልቅ ፍጥነቱን፣ የመንገዱን ዓይነት፣ ጭነት መኖር አለመኖሩን፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን ሲረገጥ የታየውን ለውጥ ጽፈው ይስጡ፤ ቀረጻ ካለም ያሰሙ። ምንጩ በዓይን ሳይታይ ክፍል እንዲቀየር አይስማሙ። የተቀየረውን አሮጌ ክፍልና ደረሰኙን ይቀበሉ፤ ሂሳብ ከመዝጋትዎ በፊትም መካኒኩን ይዘው ድምፁ መጀመሪያ በተሰማበት ዓይነት መንገድ ላይ፣ በተመሳሳይ ፍጥነትና ጭነት ይንዱ።