ፒክ አፕ የተባለው መኪና እንዴት ተወለደ?

አንባብያን ሆይ! በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ቆሞ የምናየው ፒክ አፕ፣ ፊቱ የቤት አውቶሞቢል፣ ጀርባው የጭነት ካሚዮን የሆነው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ጠይቃችሁ ታውቁ ይሆን? ለተመልካች መሐንዲስ በወረቀት ላይ ነድፎ ያወጣው ይመስላል። ታሪኩ ግን ከፋብሪካው አስቀድሞ ገበሬው እንደ ሠራው ያስረዳናል።

ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን አውቶሞቢል ለገበያ ያቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ገበሬ ከገዛው በኋላ ግን ሰው ብቻ ሊያመላልስበት አልወደደም። የኋላውን መቀመጫ ነቅሎ፣ በምትኩ ከሳንቃ ሣጥን አበጅቶ እህሉንና ወተቱን ወደ ገበያ ያደርስበት ጀመር። አንዳንዱማ የኋላውን እግር በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማው ባለበት ሲሽከረከር ቀበቶ አግብቶበት መጋዝ ያዞርበት ነበር።

በ1917 ፋብሪካው ባለ 1 ቶኑን ሞዴል ቲ ቲ አወጣ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያ የተሸጠው ሻንሲውና ሞተሩ ብቻ ስለ ነበረ፣ የጭነቱን አካል ማሠራት የገዢው ፈንታ ሆነ። ፎርድ ራሱ አሟልቶ ያወጣው የመጀመሪያው ፒክ አፕ የታየው በ1925 በኤፕሪል ወር ሲሆን፣ ዋጋው 281 ዶላር ነበር። ከሹፌሩ በስተኋላ 1 ሜትር ከ42 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም የብረት ሣጥን፣ የሚከፈት የኋላ መዝጊያና ጠንከር ያለ ባሌስትራ ተሰጠው። ገበሬው ለዓመታት በመዶሻው ሲያበጀው የኖረውን ሥራ ፋብሪካው ማኅተሙን አሳረፈበት ማለት ነው።

ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ይዘቱ 2.9 ሊትር፣ ኃይሉም 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ባሌስትራዎቹ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ሆነው ከቀኝ ወደ ግራ የተጋደሙ ስለ ነበሩ፣ በተቦረቦረ መንገድ አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ሻንሲው ብዙም አይጨነቅም ነበር።

አነዳዱ ግን የዛሬውን ሹፌር ግራ ያጋባል። ሦስት ፔዳሎች አሉት፤ ቤንዚን የሚሰጠው አንዱም አይደለም፤ ቤንዚኑ የሚሰጠው ከመሪው ሥር ባለ የእጅ ዘንግ ነው። የግራው ፔዳል ጠልቆ ሲረገጥ ከባዱ ማርሽ፣ ሲለቀቅ ፈጣኑ ማርሽ ይገባል፤ መካከለኛው ወደ ኋላ ይነዳል፤ የቀኙ ፍሬን ነው። ወደ ፊት የሚነዱት ማርሾች ሁለት ብቻ ናቸው። ከዚህም የሚገርመው፣ በቀደሙት ሞዴሎች የቤንዚኑ ጋን ከመቀመጫው ሥር ነበር፤ ፓምፕም ስላልነበረው ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ሲበረታ ቤንዚኑ መውረዱን ይተውና ሞተሩ ይጠፋል። ሹፌሩም መኪናውን አዙሮ ዳገቱን በጀርባው ይወጣዋል! ነገሩ ለሳቅ ይመች እንጂ፣ የኋላው ማርሽ ከሁሉ ይልቅ ኃይለኛ ስለ ነበረ ጭነቱ ከገበያ ሳይደርስ አይቀርም ነበር።

ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ ከተሠራ በኋላ ሥራው በ1927 ቆመ። በእርሱ እግር የተተካው ሞዴል ኤ ባለ ሦስት ማርሽና በአራቱም ጎማ ፍሬን ያለው ሆኖ መጣ፤ የፒክ አፑ የጭነት ሣጥን ግን በመጀመሪያ ያው የሞዴል ቲ ሣጥን ነበር።